በወንድሜ ስልክ የጻፍኳቸው መልሶች

እህቴ ለትምህርት ፖላንድ በሄደች በአምስተኛው ቀን ታላቅ ወንድማችን ሞተ። ከዚህ ካልጀመርኩ ሌላውን መጻፍ አልችልም። ከመሐል ልጀምር ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

ሦስት ነበርን። እሱ ትልቁ፣ እሷ መካከለኛዋ፣ እኔ የመጨረሻው። ቤታችን ሱሉልታ ነው፤ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ይላል፣ ከጀርባው ባሕር ዛፍ አለ። ወንድሜ አይሱዙ ይነዳ ነበር። እህቴ ዕድሉን ያገኘችው በራሷ ጭንቅላት ነው። ወረቀቷን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው፣ ማኅተም የጎደለውን እያስመታ የመለሰው ግን እሱ ነው። መኪናውን ጥላ ስር አቁሞ ሰልፍ ይይዝላትና ተራው ሲደርስ ይደውልላት ነበር።

ቦሌ የሸኘናት እሁድ ነው። አባዬ መከራት። እማዬ አንገቷን ይዛ አልለቃት አለች። ወንድሜ ሻንጣዋን ጋሪ ላይ ከጫነ በኋላ ወደ ጎን ወሰዳት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

"የሚያስፈራሽ ነገር ሲኖር ለእኔ ንገሪኝ። ለእማዬ የሚያስቀውን ብቻ" አላት።

"አንተ መቼ ስልክ ታነሣለህ?"

"መኪና ሳቆም።"

"አታቆምም እኮ።"

"ላንቺ አቆማለሁ። ሂጂ አሁን፣ ጥለውሽ እንዳይበሩ።"

ሐሙስ ዕለት ጎጃም መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዓርብ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደተቀመጠ፣ አባዬና ከሰበታ የመጣው የእማዬ ወንድም ከድንኳኑ ጀርባ ቆመው ስለ እህቴ ተነጋገሩ። እኔንም ጠሩኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስለ እሷ አላሰብኩም ነበር።

"ጋሼ፣ ይደውሉና ይንገሯት" አለ አጎቴ። "ዘመኑ የስልክ ነው። ዛሬ ባይነግሯት ነገ ከሰው ትሰማለች።"

"በስልክ ማን ይይዛታል?" አለ አባዬ።

"እንዴት ማን ይይዛታል?"

"ስትወድቅ።"

በእኛ ዘንድ መርዶ በእግር ነው የሚሄደው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና በማለዳ፣ የሚያውቁት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን ያንኳኳሉ። ገብተው ይቀመጣሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ለመያዝ ይዘጋጃሉ። እህቴ ደግሞ በዚያች ከተማ የምታውቀው ሐበሻ አንድም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው መኝታ ስላልደረሳት ለመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነበር የመደቧት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ባሏ፣ እና አንድ ትልቅ ውሻ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል።

"እዛ ድረስ ሄዶ የሚነግራት ሰው እስክናገኝ እንዳትሰማ" አለ አባዬ። "እሱ ጭነት ይዞ ቤኒሻንጉል ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም በላት። የምታናግራት አንተ ነህ። እኔ ድምፄን አላምነውም። እናትህን ታያታለህ።"

እማዬ ጠጉሯን ተላጭታ ነበር። ድምፅ የሚባል ነገር አልቀረላትም።

እንዲህ ሆኖ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዚያው ዓመት ነበር የጨረስኩት። ውሸት እችላለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

ቢጫ ማልያ አለኝ። በፌስታል አድርጌ ኪሴ ውስጥ ያዝኩት። እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ ባሕር ዛፉ እሮጣለሁ፤ ለቅሶው እስከማይሰማበት ድረስ። ጥቁር ሸሚዜን አውልቄ ማልያውን እለብስና አነሣዋለሁ። እማዬ የት ናት ስትለኝ ቤተ ክርስቲያን። አባዬስ? እንቅልፍ ላይ። ትንፋሽህ ለምን ይቆራረጣል? እየሮጥኩ ነው። ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር። በዚያ በኩል ጠዋትና ከሰዓት ሯጮች ይለማመዳሉ። አንዱ ሯጭ ሸሚዝ ስቀያይር በተከታታይ ሁለት ቀን አይቶኝ፣ "ወንድም፣ ውድድሩ መቼ ነው?" አለኝ። ሳቁ አልመጣልኝም። እሱም ጥቁሩን ሸሚዝ አየ መሰለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለፈ።

ይህ ሁሉ አባዬ ያዘዘኝ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የራሴ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ለማንም አልነገርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜን ዕቃ አመጡልን። ጃኬት፣ መንጃ ፈቃድ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። ስልኩ ይሠራል። ቻርጅ አደረግኩት። መክፈቻውን አውቀው ነበር፤ ሲገዛው ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ስከፍተው ከእህቴ የመጡ የድምፅ መልእክቶች ተደርድረዋል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የላከቻቸው ስር የእሱ መልሶች አሉ፣ እነሱም በድምፅ። የእሱን አልነካኋቸውም። የእሷን ብቻ ሰማሁ።

ማክሰኞ፦ "ራት ላይ ሴትዮዋ ልጨምርልሽ ወይ አለችኝ። በቃኝ አልኩ። እንደኛ ደጋግማ ትለምነኛለች ብዬ እኮ ነው። ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ወንድሜ፣ ርቦኝ ተኛሁ።" እዚህ ላይ ትስቃለች።

ረቡዕ፦ "ውሻው የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው። ሌሊት የእኔ በር ላይ ይተኛል። ጥጃ ያክላል። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እሱን መሻገር አለብኝ። እስኪነጋ ይዤ አደርኩ፤ እውነቴን ነው።"

ሐሙስ፣ መልስ ያላገኘው፦ "ከትምህርት ስመለስ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ቁልፍ ሰጥተውኛል። እኔ በዕድሜዬ ባዶ ቤት ከፍቼ ገብቼ አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፣ አይደል? እማዬ ባትኖር አንተ፣ አንተ ባትኖር ትንሹ። ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ይመታል። የማሞቂያው ቧንቧ ነው አሉኝ። በር ላይ ጃኬቴን ሳላወልቅ ቆሜ ነው የማወራህ።"

ዓርብ፦ "ለምን አትመልስልኝም? መኪና ላንቺ አቆማለሁ ብለህ አልነበር? እስከ ነገ ካልመለስክ ለእማዬ ደውዬ እጠይቃታለሁ።"

ዓርብ ማለት እኛ ከመቃብር የተመለስንበት ቀን ነው። ነገ ያለችው ደግሞ ይኸው ቅዳሜ ነው። ለእማዬ ብትደውል፣ እማዬ ደግሞ ብታነሣው፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቶሎ ቶሎ መጻፍ ጀመርኩ። በእሱ ስልክ፣ በእሱ ስም።

"ቤኒሻንጉል ነኝ። ኔትወርኩ ድምፅ አይልክም፣ ጽሑፍ ብቻ። ውሻውን አትሽሺው። እጅሽን ዘርግተሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ፣ ራሱ ይመጣል። ባዶ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ መብራቱን ሁሉ አብሪ፣ ከዚያ ጃኬትሽን አውልቂ።"

ስለ ውሻ የማውቀው ነገር የለም። ያኔ ወደ አእምሮዬ የመጣውን ጻፍኩ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። "ተመስገን። ፈርቼ ነበር እኮ።"

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ድንኳኑ ውስጥ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ "አካም ቡልቴ፣ ልጄ" ብለው እንዴት እንዳደርኩ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በአንደኛው ኪሴ ማልያው፣ በሌላው የወንድሜ ስልክ አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ሌላ ነገር መጣ። ቡራዩ ያለው የአክስቴ ልጅ የወንድሜን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ስደውልለት አላነሣ አለ። በሚኒባስ አዲሱ ገበያ ወረድኩ፣ ከዚያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ። በየታክሲው ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ እደነግጥ ነበር። እህቴ ያንን ፎቶ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ከፍታው ይሆናል እላለሁ። የወንድሜን ስልክ ደጋግሜ አያለሁ። ዝም ብሏል።

አክስቴ በር ላይ "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና ልጄ" ብላ አቅፋ ልታስለቅሰኝ ነበር፤ አምልጬ ወደ ልጇ ሱቅ ሄድኩ። ሞባይል ይጠግናል። የተፈታ ስልክ ላይ አጎንብሷል።

"አጥፋው" አልኩት።

"ምኑን?"

"ፎቶውን።"

"እንዴ፣ ወንድሜም እኮ ነው። አላልቅስለት?"

"በፌስቡክ አታልቅስ። ታየዋለች።"

"እኔን ድሮ ብሎክ አድርጋኛለች ባክህ። በአንድ ቀልድ።"

"ጓደኞቿስ አድርገውሃል?"

ስልኩን አወጣ። ከዚያ አጠፋው። ሲያጠፋው ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበርና ማመናጨቄ ቆጨኝ።

"ስንቱን ታስጠፋለህ ግን?" አለኝ። "ድንኳን ተጥሏል። የሱሉልታ ሚኒባስ ሹፌር በሙሉ ያውቃል። አንዱ አፉ ቢያመልጠው አለቀ እኮ። በሰው ስልክ ላይ ቆመህ ልትጠብቅ ነው?"

እሱ የማያውቀው፣ በትክክል እንደዚያ እያደረግኩ መሆኔን ነው።

ሰኞ ሰበታ ተጠራሁ። አጎቴ አንድ ሰው አግኝቷል። የጎረቤቱ ልጅ እዚያው ፖላንድ ውስጥ ትኖራለች፤ ከእህቴ ከተማ በባቡር አራት ሰዓት። አረጋውያንን ትንከባከባለች። አጎቴ ከፋብሪካ እንደወጣ ጎረቤቱ ቤት ተቀመጥን፣ ልጅቷም በስልክ ተገኘች። ድምፅዋ የደከመ ነው።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሃያ" አልኩ።

"እዛ ማን አላት?"

"ማንም።"

"እሺ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ብቻዬን ግን አልሄድም፣ መርዶ ብቻ አይኬድም። ሁለት ሰው አፈላልጋለሁ። ወደ ከተማዋ የሚሄደው ባቡር ዓርብ ማታ ነው፣ እዛው አድረን በማለዳ እንሄዳለን።"

"ነጠላ አለሽ ወይ፣ ልጄ?" አለ አጎቴ ከጎኔ።

"አለኝ ጋሼ። ወጥ የለኝም እንጂ ነጠላ አላጣሁም።" ከዚያ ለእኔ፦ "አንድ ነገር ልንገርህ። ሴትዮዋ አስቀድማ ማወቅ አለባት። ሦስት ሐበሻ ነጭ ለብሰን ሳንታወቅ በማለዳ በሯን ብናንኳኳ ፖሊስ ነው የምትጠራብን።"

የሴትዮዋ ስልክ ቁጥር ቤታችን ቁም ሣጥን ላይ በወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ የለጠፈው ወንድሜ ነው። በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ረቡዕ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ወንድሟ ሞቷል። አትንገሪያት። ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። እባክሽ በሩን ክፈቺላቸው።

ወዲያው መለሰች። ልቤን የነካው መጀመሪያ የጻፈችው ነው፤ በጣም አዝኛለሁ፣ የአንተም ወንድም ነው አይደል? ከዚያ ግን፦ "አልገባኝም። ሞቶ ስንት ቀን ሆነው? ለምን አትነግሯትም? ልጅ አይደለችም። እኔ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ቁርስ ስትበላ እያየኋት ልዋሻት?"

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። መርዶ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አላውቀውም። መዝገበ ቃላት ላይም የተጻፈው እሱ አይደለም። በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፦ "በእኛ አገር ክፉ ወሬ በስልክ አይሄድም። በእግሩ ይሄዳል። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ይፈልጋል።"

አንድ ሰዓት ያህል አልመለሰችም። በዚያ ሰዓት ውስጥ የምችለውን ሁሉ አሰብኩ። አሁን ደረጃውን እየወጣች ነው፣ አሁን በሩን አንኳኳች፣ አሁን ተናገረች። ከዚያ መጣ። "እስከ ቅዳሜ።"

ቃሏን ጠበቀች። ፊቷን ግን መጠበቅ አልቻለችም።

ሐሙስ ከሰዓት በወንድሜ ስልክ ላይ ረጅም ድምፅ መጣ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። እህቴ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ሊመልሱኝ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ ሴትዮዋ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና እጇን ራሴ ላይ አደረገች። ነክታኝ አታውቅም እኮ። ባልየው ቡናውን ጥሎ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ሁለቱ ማድ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ተነጋገሩ። ስሜን ጠሩ። ምን አጠፋሁ? ምናልባት ውሻው ምንጣፍ ላይ እንዲተኛ ስላደረግኩ ነው? ከሚያባርሩኝ በፊት እኔ እወጣለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። አንዲት ሕንዳዊት አብራኝ ትማራለች፤ ነገ ከክፍል በቀጥታ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ስልኬንም አጠፋለሁ፣ እንዳይፈልጉኝ። አንተ ደግሞ ጽሑፍ ብቻ። ጽሑፍህን ጠላሁት። እንዳንተ አይደለም። አንዴ ብቻ ድምፅህን አሰማኝ። ካሰማኸኝ እቆያለሁ።"

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ነገ ከዚያ ቤት ከወጣች ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች ባዶ ክፍል ነው የሚያገኙት። እሷ ደግሞ በማታውቀው አገር፣ ስልኳን ዘግታ፣ ስሟን እንኳ በማላውቃት ሰው ቤት። ለአባዬ መንገር ነበረብኝ። አሁን ሳስበው እሱ ነበር መንገዱ። ግን ያኔ ስለ ጽሑፎቹ መናገር ማለት ነው፤ ያንን ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ያንን ፈራሁ።

በእኔ ስልክ ውስጥ ወንድሜ ለእኔ የላካቸው ድምፆች ነበሩ። እሷ የማታውቃቸው። አንዱን አስታወስኩ። ከአንድ ወር በፊት ትምህርት ቤት ወረቀት ፈርምልኝ ብዬው የላከልኝ ነው። አጭር ነው። ከሞተ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ነበር።

ሁለቱን ስልኮች ጉቶ ላይ አጠጋግቼ አስቀመጥኳቸው። በእሱ ስልክ መቅጃውን ያዝኩ፣ በእኔው ድምፁን ነካሁት።

"እሺ፣ ሰምቻለሁ" አለ ወንድሜ። ከኋላው የሞተር ድምፅ አለ። "አሁን መንገድ ላይ ነኝ። በኋላ እናወራለን።"

ጣቴን አነሣሁ። ሄደ። ቅጠሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሯጮቹ ከበታች ነበሩ፤ አሠልጣኛቸው ፊሽካ ይነፋል። አንድ ጊዜ ሲነፋ እኔ እየቀዳሁ እንደነበር እንኳ አላስተዋልኩም።

እሷ ጻፈች፦ "ሰማሁህ። እቆያለሁ።"

ዓርብ ምንም አልሆነም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ተመለሰች። መብራቱን ሁሉ አበራሁ ብላ ጻፈችልኝ። ለእሱ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ተነሥተን ነበር። አባዬ፣ እማዬ፣ ከሰበታ አጎቴ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠበቅን። እዛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። እኔ ፍርሃቴ የሚያልቅበት ቀን ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ተደወለ። የሰበታዋ ጎረቤት ልጅ ናት። ከኋላዋ ለቅሶ አይሰማም። ያ አስደነገጠኝ፤ ለቅሶ መሰማት ነበረበት።

"ጋሼ" አለች። "ገብተናል። ሴትዮዋ በሩን ከፈተችልን። ልጅቷ ከደረጃው ስትወርድ አየችን፣ ነጠላውን አየች፣ ወዲያው ገባት። አባዬ ነው? አለች። ቁጭ አድርገን ነገርናት።"

"እሺ" አለ አባዬ።

"አላመነችንም። ውሸት ነው አለች። ከትናንት ወዲያ ድምፁን ልኮልኛል አለችና ስልኳን አወጣች። እኛም ሰማነው። መንገድ ላይ ነኝ ይላል። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁ በእርግጥ ሞቷል? የተሳሳተ መርዶ ይዘን መጥተን እንዳይሆን?"

እማዬ ቀና አለች። ነጠላው ከአፏ ወረደ።

"ድምፁን?" አለች።

ያንን ፊት ልረሳው አልቻልኩም። በገዛ ዐይኗ አፈር ሲለብስ አይታለች። ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ በላይ አይሆንም፣ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። እሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

አጎቴ "ምኑን?" አለኝ።

"የላክሁት እኔ ነኝ። በእሱ ስልክ። የድሮ ድምፁን ነው። ጽሑፎቹንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ልትጠፋ ስለነበር ነው።"

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አባዬ ግን ስልኩን ከጠረጴዛው አንሥቶ እጄ ላይ አደረገው። እጁ በጣም ቀዝቅዟል።

"ለእሷ ንገራት" አለ። "ካንተ በቀር አታምንም።"

ስለዚህ በመጨረሻ መርዶው በስልክ ሄደ። አባዬ ለስምንት ቀን የሸሸው ነገር በእኔ አፍ ወጣ። የሰበታዋ ልጅ ስልኩን ሰጠቻት። እህቴ ስሜን ጠራች። ስሜን ብቻ።

"ሐሙስ የላክሁልሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "እሱ የለም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። መኪናው ተገለበጠ።"

"ከኋላው ፊሽካ ነበር" አለች። በጣም በዝግታ ነበር የምትናገረው። "የሯጮቹ ፊሽካ። ቤቱ ገብቷል ብዬ ነበር እኮ። እኔን ለማስደነቅ ደብቆኝ ነው እንጂ ሱሉልታ ገብቷል ብዬ ነው የተኛሁት።"

"ባሕር ዛፉ ውስጥ ሆኜ ነው የቀዳሁት።"

ከዚያ ስልኩ ወደቀ። ሲወድቅ ሰማሁት። እሷም ስትወድቅ ሰማሁ፣ ሲይዟትም ሰማሁ። ሦስቱ ሴቶች "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ያዣት" ሲሉ። ለቅሶው ያኔ መጣ። ከመሐላቸው በማላውቀው ቋንቋ የምታለቅስ አንዲት ሌላ ሴት ነበረች።

እህቴ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ለአባዬና ለእማዬ ትደውላለች። ስልኩን እኔ ካነሣሁት ዝም ትላለች፣ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። ትናደድብኛለች ብዬ የጠበቅሁት በውሸቱ ነበር። አባዬ እንደነገረኝ ግን እሱ አይደለም። "ከሞተ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቅሁ" ነው ያለችው። "እናንተ ስታለቅሱ እኔ ከውሻ ጋር ስጫወት ነበር።"

አባዬ ስለ ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ አነሣው። በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር። "እኔም ብሆን ሌላ መንገድ አልነበረኝም ይሆናል" አለ። "ግን ለእኔ መንገር ነበረብህ። ብቻህን ተሸከምከው።" ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

በአርባው፣ ተዝካሩ ካለቀና ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። የእኔ ስልክ ላይ ነው የደወለችው። ከልማድ የተነሣ ማልያውን በኪሴ ፈለግኩ። አልነበረም። በጥቁር ሸሚዜ አነሣሁት። እሷም ጥቁር ለብሳለች።

ስልኩን ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ስለ ውሻው የጻፍከው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እጅሽን ዘርግተሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ ያልከው?"

"አዎ።"

"ከየት አወቅኸው?"

"አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነው የጻፍኩት።"

ወደ ታች አየች። "መጣ እኮ" አለች። "በዚያው ቀን ማታ።"

"አሁን የት ነው?"

ስልኩን ወደ ታች አዞረችው። ውሻው እግሯ ላይ ተጋድሟል። በእርግጥም ጥጃ ያክላል። መልሳ ወደ ፊቷ ስታዞረው ዐይኗ ቀልቶ ነበር።

"ያንን ድምፅ ካንተ ስልክ ላክልኝ" አለች። "ፊሽካ የሌለበትን።"

"እሺ።"

ልትዘጋው ነው ብዬ ነበር። አልዘጋችውም።

"ሰኞ የመጀመሪያው ፈተና አለኝ" አለች። "በቃል ነው። በሰው ፊት ቆመህ ነው የምትመልሰው። ከአሁኑ ፈርቻለሁ። ለእማዬ እንዳትነግራት።"

"አልነግራትም" አልኳት።

ከዘጋችው በኋላ ድምፁን ፈልጌ አገኘሁት። ሳልሰማው ላክሁላት።